የሰርጉን ጀልባ ያሳለፈው፣ ያየውና ያስቆመው

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ነው ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ፣ ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ከተማ ሦስት የውሃ ፖሊሶች ነበሩ። ከተማዋን አልጠራም፤ ነገም እዚያው ወደብ ላይ ስለምውል ጠብ አልፈልግም። ሳጅን ዘርጋው ወደቡ ላይ ቆሞ የሚወጡትን ጀልባዎች ይፈትሻል። ኮንስታብል ቱሉ ጉብታው ላይ ካለችው ማማ ሆኖ በርቀት መነጽር ሐይቁን ይቃኛል። ኮንስታብል ምሕረቱ ደግሞ ያለችውን አንዲት የፖሊስ ጀልባ ይነዳል።

ሦስቱም የሚሠሩበት መመሪያ አንድ ነው። ለመዝናናት የወጣ ጀልባ የሚፈተሸው ወደብ ላይ ነው፤ መሃል ሐይቅ ላይ የሚቆመው አደጋ በዓይን ሲታይ ብቻ ነው። መመሪያው የመጣው እንግዶች «ሽርሽር ብለን መጥተን እንደ ኮንትሮባንድ ተፈተሽን» ብለው ካማረሩ በኋላ ነው። አደጋ በዓይን ሲታይ የሚለው ግን በማን ዓይን እንደሆነ የጻፈ የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰርገኞች መጡ። በእኛ ከተማ ሙሽሮች ጀልባ ላይ ወጥተው ቪዲዮ ካልተቀረጹ ሰርጉ ሰርግ አይባልም። የጀልባዋ ባለቤት በላቸው ይባላል፤ ካፒቴን ነው የምንለው፣ እሱም ስሙን ወዶታል። አንደኛ ሚዜው ምንተስኖት ይባላል፤ የእትዬ አሰገደች ልጅ፣ ያላቸውም እሱ ብቻ። የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ የሚያደምቅ፣ ሽቶ ከኪሱ የማይጠፋ ልጅ ነበር። ሽቶውን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ዘርጋው ጀልባዋን ፈተሸ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ሰዎቹ ከልኩ አላለፉም። ሁሉም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ለብሰዋል፤ ሙሽራዋም ቬሎዋ ላይ ደርባዋለች።

«ሳጅን፣ ይኼን ለብሼ ልዳር እንዴ?» አለችው።

«እስክትመለሺ ነው እህቴ። ከዚያ ባልሽ ያውልቅልሽ» አለና ሳቀ። አሳለፋቸው።

አሁን የወደባችንን አሠራር ልንገራችሁ። ጃኬቱ የጀልባ አይደለም፣ የወደብ ነው፤ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ የተፈተሸች ጀልባ ከወደቡ አለፍ ብሎ ካለው ደንገል ጀርባ ስትደርስ ጃኬቶቿን አስወልቃ ገና ላልተፈተሸችው ትሰጣለች። ፍተሻ ላይ ያልነበሩ ሰዎችም እዚያው ይጫናሉ። በላቸውም እንደ ልማዱ ጃኬቶቹን አስወለቀ፤ በእግር ዞረው የጠበቁትን ሚዜዎችና ዘመዶች ጨመረ። ዘርጋው አላየም። ግን ያውቃል። ወደቡ ላይ የሚያድረው ውሻ እንኳ ያውቃል።

ዘርጋውም ቢሆን ምክንያት አለው። ከዚህ ቀደም «ጃኬት ሳይሟላ አንድም ጀልባ አይወጣም» ብሎ ወደቡን ዘግቶ ነበር። ጀልባዎቹ በሌላ ዳርቻ፣ ሞተራቸውን እንኳ የሚያይ ሰው በሌለበት ይወጡ ጀመር። አንዷ መሃል ሐይቅ ላይ ጣውላዋ ተሰንጥቆ ሰው ልትጨርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ሞተሩንና ጣውላውን አይቼ ይሂዱ አለና በጃኬቱ በኩል ዓይኑን ጨፈነ።

ቱሉ ከማማው ላይ አየ። ጃኬት የለም። ጀልባዋ ከብዳለች፤ ውሃው ከንፈሯ ጋ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ሬዲዮው እጁ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ቢናገር ምሕረቱም ዘርጋውም ይሰሙታል። አልተናገረም። እሱ ካለበት ሲታይ ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቷል። ጭፈራ ላይ ያለን ሰው ውሃ ላይ ካስቆሙት ይነሳል፤ ከተነሳ ጀልባ ይገለብጣል፤ ቱሉ ይኼን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ደግሞ ሙሽራን መንገድ ላይ ማስቆም ማን ይወዳል። ሲመለሱ በላቸውን ወደቡ ላይ አስይዘዋለሁ ብሎ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ምሕረቱ ከውሃው ላይ አየ። ቱሉ ያየውን ሁሉ አየ፤ ከማማው የማይታይ አንድ ነገርም ጨመረ። ማማውን ከሚጋርደው ተራራ ጀርባ ሰማዩ ጠቁሯል። ከዚያ በኩል ሲጠቁር ነፋሱ እንደማይቆይ ዓሣ አስጋሪ ሁሉ ያውቃል። ሞተሩን ለቀቀው፣ ሄዶ የሰርገኞቹ ጀልባ ፊት አግድም ቆመና ፊሽካ ነፋ።

«ካፒቴን፣ ሞተር አጥፋ።»

«ሙሽራ ይዣለሁ እኮ ጌታዬ።»

«ሙሽራም ትሰምጣለች። አጥፋ።»

በላቸው አጠፋ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰርግ የዋለ ሰው ያውቃል፤ ሙሽራው ሙሽሪትን ሊወስድ ሲመጣ የእሷ ወገኖች በሩን ይዘጉበታል። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ፣ ሽቶ እየረጩ፣ እየገፉ ያስከፍታሉ። በር የዘጋ ሰው ለሚዜ ጠላት አይደለም፤ የጨዋታው አካል ነው። ምንተስኖት የፖሊሷ ጀልባ መንገዱን ዘግታ ስትቆም ሲያይ፣ ጠዋት ሙሽሪት ደጅ ላይ የሠራውን ሥራ ደገመው። ሽቶውን አወጣ።

«ጋሼ ፖሊስ፣ በሩን ክፈትልን እንጂ» አለና ምሕረቱ ደረት ላይ ረጨበት።

ምሕረቱ ሳቀ። እኛ ብንሆንም እንስቅ ነበር። ሚዜዎቹ እያጨበጨቡ ግር ብለው ወደ ምሕረቱ በኩል መጡ፤ ቪዲዮ ቀራጩም ካሜራውን ይዞ ተከተላቸው። ጀልባዋ ዘመም አለች። ከዚያ ተገለበጠች።

ምሕረቱ ከነዩኒፎርሙ ዘለለ። ቬሎው ወደ ታች የሚጎትታትን ሙሽራ አወጣ። ሌሎቹንም እያመላለሰ የፖሊሷ ጀልባ ላይ ጫነ፤ አንዳንዱ የተገለበጠችው ጀልባ ሆድ ላይ ተንጠልጥሎ ዳነ። ሰው ሲቆጠር ምንተስኖት የለም። ምሕረቱ ተመልሶ ገባ፤ ደጋግሞ ገባ። ከዚያ ነፋሱ ደረሰና ሐይቁን አስነሳው፤ ፍለጋው ቆመ። ያን ማዕበል ያየ «ይኼ ጀልባዋን መሃል ሐይቅ ላይ ቢያገኛት ኖሮ ማንም አይተርፍም ነበር» አለ። «ባያስቆማቸው ኖሮ ነፋሱ እስኪመጣ ድረስ ተመልሰው ቤታቸው በገቡ ነበር» ያለም አለ። በማግስቱ ሐይቁ ራሱ ልጁን መለሰው። ሽቶው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ክዳኑ እንኳ አልተገጠመም።

በሠልስቱ ሦስቱ ፖሊሶች በሲቪል ልብስ ወደ እትዬ አሰገደች ድንኳን መጡ። በላቸው ታስሯል፤ የእሱ ነገር ማንንም አላከራከረም። እትዬ አሰገደች ከፍራሻቸው ተነስተው ድንኳኑ በር ላይ ቆሙባቸው።

«ሁላችሁም ግቡ ብል፣ ልጄን ውሃ ወሰደው ማለቴ ነው» አሉ። «ሁላችሁም ሂዱ ብል ደግሞ ጥፋቱን ለሦስት ትካፈሉትና ለማናችሁም አይከብዳችሁም። ሁለታችሁ ገብታችሁ ከእኔ ጋር ታለቅሳላችሁ። አንዳችሁ ግን ዛሬም በአርባውም ደጄን አይረግጥም። ማን እንደሆነ ንገሩኝ።»

ዘርጋው «እኔ ሳሳልፈው ጃኬት ለብሶ ነበር፣ እናቴ» አለ።

«ሲያወልቅስ የት ነበርክ?»

«ወደቡ ላይ።»

«ጀርባህን ሰጥተህ።»

ቱሉ «ዝም ቢባሉ ኖሮ ይመለሱ ነበር። እኔ ዝም ብያቸው ነበር» አለ።

«ሬዲዮውንስ ለምን ሰጡህ?»



ምሕረቱ «መጀመሪያ ቁጭ በሉ ማለት ነበረብኝ» አለ። «ፊሽካውን አስቀደምኩ።»

እትዬ አሰገደች ወደ እሱ ዞሩ።

«ሲረጭብህ ሳቅህ አሉ።»

«ሳቅሁ፣ እናቴ።»

«እንኳን ሳቅህ። መጨረሻ ላይ የሳቀለት ሰው አንተ ነህ።»

ግባ ግን አላሉትም። ሂድም አላሉትም። ሦስቱ በሩ ላይ እንደቆሙ ለቀስተኛው በጎናቸው እየተሽሎከለከ ይገባል፣ ይወጣል።

እኛ ወደቡ ላይ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እንጨቃጨቃለን፤ ባለፈው አንዱ የአንዱን ሸሚዝ ቀደደ። ጃኬቶቹም አሁን ድረስ ደንገሉ ጀርባ ከጀልባ ወደ ጀልባ ይወረወራሉ፤ ዛሬም ሁለት ሰርግ ሲወጣ አይቻለሁ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ዘርጋው ባያሳልፍ፣ ቱሉ ቢናገር፣ ምሕረቱ ባያስቆም ልጁ ይኖር ነበር፤ ወይም ደግሞ ከሙሽራዋ ጋር ሁሉም ያልቁ ነበር። እናንተ በእትዬ አሰገደች ቦታ ድንኳኑ በር ላይ ብትቆሙ፣ ከሦስቱ ማንን ነው የምትመልሱት?