የጓንጉል ጀልባና ቀላሉ መልህቅ

በአንድ ወቅት፣ እዚሁ ጣና ዳር፣ ጓንጉል የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጠጋ በሉ፣ ድምፄ አይደርስም። ጀልባውን ነፋስ እንዳይወስድበት የሚያቆማት ትልቅ ድንጋይ በገመድ አስሮ እየጣለ ነው። ሲጥል ሲያነሳ፣ ሲጥል ሲያነሳ፣ አንድ ቀን ቀኝ ትከሻው እንቢ አለው። ዓሣ አጥማጅ ደጅ ላይ ተቀምጦ ውኃውን ሲያይ፣ ወዮ፣ አያሳያችሁ።

ልጆቹን ጠራ። «በአንድ እጄ የማነሳው መልህቅ ለሠራልኝ ጀልባዋን አወርሳለሁ» አላቸው።

ታላቁ ልጁ እንዳላማው ይባላል፤ ቤቱ የልጅ መዓት፣ ጀልባዋን አጥብቆ ይፈልጋታል። ዋንዛ ቆርጦ፣ እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ ባለ ሁለት ጥርስ ሜንጦ ጠረበ። «ድንጋይ በክብደቱ ነው የሚይዝ። ይሄ ነክሶ ይይዛል» አለ። ውኃ ላይ ቢጥለው ተንሳፈፈ።

ታናሹ አንለይ ሳቀበት። «አያ፣ መልህቅ ነው ዳክዬ የሠራኸው?» እሱም ቢሆን ጭንቅ ላይ ነው፤ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ ወላጆች ጀልባ ለሌለው ልጃችንን አንሰጥም ብለውታል። የሟች እናታቸውን ያለቀ የወፍጮ መጅ አምጥቶ ከሜንጦው አንገት ላይ ጠፈረው። ሰጠመ፣ ጭቃውን ነከሰ። ጓንጉልም በግራ እጁ ብድግ አደረገው።

አባትና ልጆች ደስ ብሏቸው ለማጥመድ ወጡ። ባሏ ሞቶባት የተመለሰችው እህታቸው ስንቅነሽም መረብ ልትይዝላቸው አብራ ተሳፈረች።

ጥልቁ ላይ ሲደርሱ ነፋስ ተነሳ። መልህቁን ጣሉት፤ አልያዘም። ጀልባዋ ከውኃው ብቅ ወዳለ ቋጥኝ ትንሸራተት ጀመር።

«ድንጋዬን ጥዬው መጣሁ» አለ ጓንጉል፣ ቀስ ብሎ።

ስንቅነሽ መቀነቷን ፈታች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት እንዳላማው።

«ገመዱ አጥሮ ነው። ፍየል ሽቅብ ሲጎትቷት ትነሳለች፤ ዝቅ አድርገው ሲስቧት ግን እግሯን ትተክላለች። መልህቁም እንደዚያው ነው።»

መቀነቱን ጠምዝዛ በገመዱና በጀልባዋ መካከል ቀጠለችና ለቀቀችው። መልህቁ ተጋደመ፣ ነከሰ። ጀልባዋ ቋጥኙ አፍንጫ ሥር ቀጥ አለች።

ወንድማማቾቹ ነፋሱ እንኳ ሳይበርድ ክርክር ጀመሩ።

«እኔ ባልጠርበው በምን ይነክስ ነበር?»

«እኔ ባላሰጥመው ምኑን ይነክሳል?»

«ስንቅነሽማ ምን ሠራች፣ አስረዘመችው እንጂ» አለ አንለይ።

«እውነትህን ነው» አለች። «እንግዲያው መቀነቴን ልፍታው?»

ሁለቱም መቀነቱን ለቀም አድርገው ያዙ። ነፋሱ ሲያልፍ ጓንጉል በግራ እጁ ሳበው፤ ገመዱ፣ መቀነቱ፣ መጁ፣ ሜንጦው፣ ሁሉም ውኃ እያንጠባጠበ ወጣ። ሦስቱንም ልጆቹን አያቸው። ጀልባዋ አንዲት ናት፣ አትከፈል።

እኔን አትዩኝ፤ እናንተ ጓንጉልን ብትሆኑ ለማን ትሰጧት ነበር?