ከየቤቱ አንድ እሳት

አንድ ኖራ አቃጣይ ነበረ። ሀብታም ነበረ፤ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ዐሥር ትልልቅ የኖራ ማቃጠያዎች ነበሩት።

አታቋርጠኝ፣ ይርጋ። «ጭስ ወሰን አያውቅም፤ ታዲያ ከፋብሪካ የሚወጣውን ካርቦን በየክልሉ ለምን ትቆጥራላችሁ? ሁሉም እኩል ቢቀንስ አይበቃም ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ጥያቄህ አናዶኛል፤ ስለዚህ ተቀመጥና ስማ።

ማቃጠያዎቹ ያለ ዕረፍት ይነድዱ ነበር። ጭሱ ሸለቆው ላይ ተኝቶ አልነሣ አለ። ሕፃናት ሳል ያዛቸው፤ ንቦች ቀፏቸውን ጥለው ሄዱ። ሰዉ ለዳኛው ጮኸ፤ ዳኛውም አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ እንዲህ ነው፦ ጥፋት ሲደርስ ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ካልወጣ ቅጣቱ የሁሉም ይሆናል።

ዳኛው «ከቤቴ ጭስ አልወጣም ብሎ የሚምል ይነሣ» አለ። ማንም አልተነሣም። እሳት የማያነድ ቤት የት አለ? ሰዎቹ በሐሰት መማል ይፈሩ ስለነበር ሁሉም አንገቱን ደፋ። ኖራ አቃጣዩም ከመሐላቸው ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ ጥፋቱ የጋራችን ነው» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «እኔ ብቻዬን ልዳን አልልም። ፍርዱ ለሁላችን እኩል ይሁን።»

ሽማግሌዎቹ ትሕትናውን አይተው መረቁት። መረቁት!

ዳኛውም ፈረደ፦ ዝናብ እስኪጥል ድረስ እያንዳንዱ ቤት አንድ እሳት ያጥፋ።

ኖራ አቃጣዩ አንዱን አጠፋ፤ ዘጠኙ ነደዱ። ድኻው ያለው አንድ ምድጃ ነው። አንዱን አጠፋ፤ አለቀ።

በዚያ ሸለቆ ልጇ አራስ የሆነችባት አንዲት ሴት ነበረች። አራስ ትኩስ ነገር ካላገኘች ምን እንደምትሆን እናትህን ጠይቅ። በዚያ ቤት አጥሚት አልፈላም፤ ውሃ አልሞቀም። አራሷ ተንቀጠቀጠች፤ ጡቷ ደረቀ፤ ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ አቃተው። ሴትየዋ ፍም ልትለምን ወደ ማቃጠያዎቹ ሄደች።

ኖራ አቃጣዩ «ምነው እትዬ፣ ሕግ ሊያስፈርሱኝ ነው? ፍርዱን አብረን ተቀበልን እኮ!» ብሎ መለሳት። ከኋላው ዘጠኝ እሳት ይንቀለቀል ነበር።

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ከቤት ቤት ዞራ ሴቶቹን ጠራች፤ ባዶ ድስታቸውን ተሸክመው ዳኛው ወደሚኖርበት ኮረብታ ወጡ። ዳኛውን ከቁርሱ አስነሥተው ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰዱት።

«ጌታዬ፣ ፍርድዎን ጠብቀናል» አለችው። «ይመልከቱ፤ ጭሱ ቀነሰ?»

ዳኛው ወደ ታች አየ። ሸለቆው እንደ ቀድሞው ታፍኗል። ከድኾቹ ጣሪያ ምንም አይወጣም። ከአንድ ሰው ግቢ ግን ጭሱ እንደ ምሰሶ ተደርድሮ ቆሟል።

«አላወቅሁም ነበር» አለ።

«አላወቅህም? አልቆጠርህም!» ጮኸችበት። «ከማን ግቢ ምን ያህል እንደሚወጣ ሳትለይ ፈረድህብን። በል ድስቱን ያዝ! ለአራሷ አጥሚት አንተ አፍላላት!» ጥላሸታሙን ድስት በነጭ ጋቢው ላይ ለጠፈችበት።

የዚያኑ ዕለት ምድጃዎቹ ተለኮሱ፤ ማቃጠያዎቹ ጠፉ። የእያንዳንዱ ግቢ ጭስ ለብቻው ሳይታወቅ ፍርድ እንዳይሰጥም ተደነገገ። አራሷ ተረፈች። ሕፃኑ ግን አያቱ ከኮረብታው ሳትወርድ አልፎ ነበር።

ይርጋ፣ ሸለቆው አገር ነው፤ ግቢዎቹም ክልሎች ናቸው። አንዱ ክልል የፋብሪካ ጭስ ሲተፋ ይውላል፤ ሌላው ፋብሪካ የሚባል አይቶ አያውቅም። ሳይለዩ «እኩል እንቀንስ» ማለት የዚያን ሀብታም ትሕትና መድገም ነው፤ ሁሉም ጥፋተኛ ከተባለ ጥፋተኛው አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። እነዚያ ሴቶች ኮረብታ ላይ ቆመው ጭሱን በዓይናቸው አዩ። ካርቦን ግን የትኛውም ኮረብታ ላይ ብትወጣ አይታይም። የምናየው በቁጥር ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ መጥተህ ለምን ትቆጥራላችሁ ትለኛለህ።