የትርሲት ሠርግና ያልረጠበው ሳሙና

ጠጋ በሉማ። እኔ አንድ በአንድ እቀጥላለሁ፣ እናንተ ክሩ እንዳይበጠስባችሁ ያዙት።

አንድ ሳሙና ነበረ። አዲስ፣ ያልተነካ፣ ጠርዙ እንኳን ያልተሸረፈ። በመረብ ከረጢት ታስሮ እትዬ ማንጠግቦሽ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ውሃ የሞላ ሮቶ ቆሟል፤ ቧንቧውም ይሠራል። ከዚህ ሳሙና ምን ተፈለገ? እንዲረጥብ። በቃ። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እጁን ዘርግቶ እንዲያረጥበው።

ቀላል መስሏችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል።

ቀኑ እትዬ ማንጠግቦሽ ልጃቸውን ትርሲትን የሚድሩበት ቀን ነው። ወሎ ውስጥ ያለ ዳገታማ ሰፈር ነው፤ ከላይ መስጊድ፣ ከታች ቤተ ክርስቲያን፣ መሀሉ ላይ ሁሉም የሁሉንም ወጥ ሽታ የሚያውቅበት። እትዬ ማንጠግቦሽ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ይቺን ልጅ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ለዚህች ቀን ያልሆኑት የለም። ግን ከወንዙ ማዶ በሽታ ገብቷል። ሰውን ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጠዋት የቆመውን ማታ ይጥለዋል። ማዶ ሰሞኑን የተተከለው ድንኳን የሠርግ ድንኳን አይደለም።

የጤና ጽሕፈት ቤቱ «ድግስ የሚባል ነገር ይቅር» ብሎ ነበር። ድግሱን ያተረፉት ሁለት ባለሙያዎች ናቸው፣ ሜላትና ገረመው። ሐኪም አይደሉም፣ መርፌ አይወጉም። ሥራቸው፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለምን እንደማያደርገው ማጥናት ነው። ሰው ያያሉ። ይኼ ሥራ ነው ሲባል የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ «ታዲያ እኛ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ስንት ዘመን በነፃ ሠራን» እያለ ሲያሽሟጥጥ ከርሟል።

ሜላት ጽሕፈት ቤቱን «ብትከለክሉት ተደብቆ ይበላል። አትከልክሉት፣ በሳሙና ታጥቦ ይብላ» አለቻቸው። እሺ አሉ። ግን ተቆጣጣሪያቸውን አቶ ደምሰውን ላኩ። አቶ ደምሰው ወንበር ይዞ በሩ ላይ ቁጭ አለና ለእትዬ ማንጠግቦሽ እንዲህ አላቸው፦

«እንግዳው በሳሙና ካልታጠበ ድስቱ አይከፈትም። ፀሐይዋ ከጣራው ካለፈች ድንኳኑን አስፈታለሁ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ አንገታቸውን ነቀነቁ። ምን ይበሉ? እንግዳ ጦሙን ተመልሶ ልጅ አትዳርም።

ገረመው አስቦበታል። መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም የእግር ኮቴ ስሏል፣ ከመንገዱ እስከ ቧንቧው። ከቧንቧው በላይ መስታወት ሰቅሏል። ሰው ኮቴውን ተከትሎ ይመጣል፣ መስታወት ሲያይ ይቆማል፣ ከቆመ ይታጠባል ብሎ ነው። ግማሹ ሠራ። ሰው ቆመ። ሚዜዎቹ ኮቴውን እየረገጡ መጡ፣ መስታወቱን እያዩ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ጸጉራቸውን ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያ ሳሙናው ጎን ተገትረው ቀሩ። ከኋላቸው ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ኋላ ባልቴቷ፣ ሰልፉ እስከ ዳገቱ። እጅ የሚዘረጋ የለም።

ገረመው ሊመክራቸው ድምፅ ማጉያ አነሳ። ሜላት እጁን ያዘችው።

«ተው ገሬ። ስለ በሽታው ከእኛ እኩል ያውቃሉ።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበል። የሆነ ነገር እየጠበቁ ነው። ልጠይቃቸው።»

መጀመሪያ የቆመው የሚዜዎቹ አለቃ ካሳው ነው። ነቄ ልጅ ነው፣ ታክሲ ላይ ያደገ።

«ካሳው፣ ለምን አትታጠብም?»

«እታጠባለሁ። ማን አልታጠብም አለ?»

«ታዲያ ታጠብ።»

«የሙሽራው አጎት ጋሽ ሞላ ከኋላዬ ቆመው? ቀድሜ ብዘረጋ፣ ይኼ ሆዳም ለምሳው ቸኮለ ነው የሚሉኝ።»

እንግዲህ ያዙ። ጋሽ ሞላ ካልታጠቡ ካሳው አይታጠብም፤ ካሳው ካልታጠበ ሳሙናው አይረጥብም፤ ሳሙናው ካልረጠበ ድስቱ አይከፈትም፤ ድስቱ ካልተከፈተ ትርሲት አትዳርም።

ሜላት ጋሽ ሞላ ዘንድ ሄደች። ካፖርታቸውን ደርበው፣ በላብ ተጠምቀው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይታጠቡ እንጂ።»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ሞላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛ እኮ ልጅ ልንወስድ የመጣን ባዳ ነን። የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ አቶ ፈለቀ እዚያ ቆመዋል። እሳቸውን አልፌ ሳሙናቸውን ባነሳ፣ ገና ሳይዛመዱ ናቁን ይላሉ።»

አቶ ፈለቀ ካልታጠቡ ጋሽ ሞላ አይታጠቡም፤ ጋሽ ሞላ ካልታጠቡ ካሳው አይታጠብም፤ ካሳው ካልታጠበ ሳሙናው አይረጥብም፤ ሳሙናው ካልረጠበ ድስቱ አይከፈትም፤ ድስቱ ካልተከፈተ ትርሲት አትዳርም።

አቶ ፈለቀ ንግግር ይወዳሉ። ሜላት ስትጠጋቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔ ልጅ፣ እድር የሚመራው በሥርዓት ነው። ቄስ ምናሴ እዚያ ጥላ ሥር ናቸው። ካህኑ ቆመው እኔ እጄን አልዘረጋም።»

«የተጻፈ ነገር ነው?»

«አልተጻፈም። ግን ይታወቃል።»

«ማን ያውቀዋል?»

አቶ ፈለቀ አሰቡ። «ሁሉም» አሉ።

ሜላት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጥላው ሄደች። ቄስ ምናሴ ካልታጠቡ አቶ ፈለቀ አይታጠቡም፤ አቶ ፈለቀ ካልታጠቡ ጋሽ ሞላ አይታጠቡም፤ ጋሽ ሞላ ካልታጠቡ ካሳው አይታጠብም፤ ካሳው ካልታጠበ ሳሙናው አይረጥብም፤ ሳሙናው ካልረጠበ ድስቱ አይከፈትም፤ ድስቱ ካልተከፈተ ትርሲት አትዳርም።

ጥላው ሥር ሌላ ጉድ ጠበቃት። ቄስ ምናሴና ሼህ ሙሄ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገፋፋሉ።

«ይቅደሙ ሼሁ።»

«የለም አባ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«አይሆንም፣ ይቅደሙ።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። ሜላት ጣልቃ ገባች። «አባታችን፣ ለምን እርስዎ አይጀምሩትም?»

«እንዴት አድርጌ ልጄ?» አሉ ቄስ ምናሴ። «የእሳቸው ድንኳን ወዲያ ነው፣ የእኛ ወዲህ። ሥጋው ለየብቻ ነው። ውሃው ግን አንድ ነው። ዛሬ እሳቸው በእኛ ቤት እንግዳ ናቸው፤ እንግዳ አቁሜ ልታጠብ?»

ሼህ ሙሄ ካልታጠቡ ቄስ ምናሴ አይታጠቡም፤ ቄስ ምናሴ ካልታጠቡ አቶ ፈለቀ አይታጠቡም፤ አቶ ፈለቀ ካልታጠቡ ጋሽ ሞላ አይታጠቡም፤ ጋሽ ሞላ ካልታጠቡ ካሳው አይታጠብም፤ ካሳው ካልታጠበ ሳሙናው አይረጥብም፤ ሳሙናው ካልረጠበ ድስቱ አይከፈትም፤ ድስቱ ካልተከፈተ ትርሲት አትዳርም።

አቶ ደምሰው ከወንበሩ ተነሣ። ጣራውን አየ፣ ፀሐይዋን አየ። «ሜላት፣ እኔ እንግዲህ የድንኳኑ ገመድ ጋ ልሄድ ነው» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ማዶ ያሉትን አስከሬኖች አይቷል። ጓዳ ያለችው ትርሲት ድምፁን ሰማች፤ ቬሏን ገልጣ እናቷን አየቻቸው። እናቷ መሬት መሬት አዩ።

«ትንሽ ታገሰኝ አቶ ደምሰው፣ በናትህ» አለች ሜላት። ወደ ሼሁ ዞረች። «ሼሁ፣ እርስዎ እንኳን ውሃ አይፈሩም።»

ሼህ ሙሄ ሳቁ። «ከውሃ ጋርማ በየሶላቱ እንገናኛለን። ግን እማማ ዘርፌን አየሻቸው? እዚያ ዱካ በርጩማ ላይ የተቀመጡትን። እናቴን አዋልደው እኔን በእጃቸው የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ተቀምጠው እኔ ልሽቀዳደም?»

ሜላት ሮጠች። በሂል ጫማዋ፣ ነጩን ኮቴ እየረገጠች፣ በልቧ እየቆጠረች፦ እማማ ዘርፌ ካልታጠቡ ሼህ ሙሄ አይታጠቡም፤ ሼህ ሙሄ ካልታጠቡ ቄስ ምናሴ አይታጠቡም፤ ቄስ ምናሴ ካልታጠቡ አቶ ፈለቀ አይታጠቡም፤ አቶ ፈለቀ ካልታጠቡ ጋሽ ሞላ አይታጠቡም፤ ጋሽ ሞላ ካልታጠቡ ካሳው አይታጠብም፤ ካሳው ካልታጠበ ሳሙናው አይረጥብም፤ ሳሙናው ካልረጠበ ድስቱ አይከፈትም፤ ድስቱ ካልተከፈተ ትርሲት አትዳርም።

ከእማማ ዘርፌ በላይ በዕድሜ ማንም የለም። ሰንሰለቱ እዚህ ያልቃል አለች ሜላት።

«እማማ፣ ሁሉም እርስዎን ነው የሚጠብቀው። ይነሡና ይታጠቡ።»

እማማ ዘርፌ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አንች ልጅ፣ ሰው ቤት ተጠርቼ ሳሙና ላንሳ? ማንጠግቦሽ ምን ትለኛለች? ቤቴን ተጸየፈች፣ በሽታ ያለበት ቤት አደረገችኝ አትልም? ይቺ ሴት ባሏን ቀብራ፣ ልጇን አሳድጋ፣ ዛሬ ደስ ሊላት ነው። እኔ አላሳዝናትም። እሷ ካልጀመረች ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነካውም።»

ሜላት ቆመች። ሥራዋን ለምን እንደምትወደው ጠይቃችኋት ብታውቁ፣ ለእንደዚህ ዓይነቷ ደቂቃ ነው የምትለው። ወደ ጓዳ ገባች።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ለምንድነው እንግዶቹን ታጠቡ የማይሉት?»

«አፌ እንዴት ብሎ?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። ዓይናቸው ሞልቷል። «ሰው አክብሮኝ መጥቶ፣ እጅህ ቆሻሻ ነው ልበለው? እነሱ ራሳቸው ይጀምሩታል ብዬ ስጠብቅ ፀሐይዋ አለፈች።»

አያችሁ? እሳቸው እንግዳው እንዳይከፋው ፈሩ። እንግዳው እሳቸውን እንዳይከፋቸው ፈራ። ሁሉም መታጠብ ይፈልጋል፣ ሁሉም ሌላው አይፈልግም ብሎ ያምናል። ጀርም ከዚህ የተሻለ ወዳጅ ከየት ያገኛል?

ያኔ አንዲት ሴት ጠላ ይዛ በበሩ ልታልፍ ስትል፣ ከማሰሮው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ሜላት አየቻት።

«እትዬ፣ ጠላውን ለምን ቀድማ ትቀምሳለች?»

«እንዴ፣ ክፉ ነገር እንደሌለበት ልታሳይ ነዋ። የቀዳ ሳይቀምስ ለእንግዳ ይሰጣል?»

«ታዲያ» አለች ሜላት፣ «ሳሙናውንም ይቅመሱላቸዋ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ሳቃቸው መጣ፤ እምባቸውና ሳቃቸው አንድ ላይ ወረደ። የሐበሻ ቀሚሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡና ወጡ። አቶ ደምሰው አንዱን ገመድ ፈትቶ ሁለተኛው ላይ ጎንበስ ብሏል። እትዬ ማንጠግቦሽ ሰልፉን በመሀሉ ሰንጥቀው አለፉ። ሳሙናውን ከነመረቡ ጨበጡት። ውሃ ከፈቱ። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር፣ እስከ ክርናቸው አረፋ በአረፋ ሆኑ። አሹት፣ አለቀለቁት፣ ሁለት እጃቸውን ለሰው ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ቀምሼዋለሁ» አሉ። «ክፉ ነገር የለውም። በሞቴ፣ ታጠቡልኝ።»

በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል ወሎ ውስጥ ገና አልተወለደም።

እማማ ዘርፌ «እንዲህ በይኝ እንጂ» ብለው ከዱካቸው ተነሡ። እትዬ ማንጠግቦሽ ስለታጠቡ እማማ ዘርፌ ታጠቡ፤ እማማ ዘርፌ ስለታጠቡ ሼህ ሙሄ ታጠቡ፤ ሼህ ሙሄ ስለታጠቡ ቄስ ምናሴ ታጠቡ፣ ውሃውንም ሼሁ ከፈቱላቸው፤ ቄስ ምናሴ ስለታጠቡ አቶ ፈለቀ ታጠቡ፣ ንግግር ሳያደርጉ፤ አቶ ፈለቀ ስለታጠቡ ጋሽ ሞላ ካፖርታቸውን አውልቀው ታጠቡ፤ ጋሽ ሞላ ስለታጠቡ ካሳው ታጠበ፤ ካሳው ስለታጠበ ሚዜው ሁሉ ተጋፋ። ሳሙናው ረጠበ። ረጠበ ብቻ? አለቀ። ገረመው ሌላ አመጣ፣ እሱም አለቀ። ድምፅ ማጉያው የት እንደወደቀ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

አቶ ደምሰው የፈታውን ገመድ መልሶ አሰረ። «ድስቱ ይከፈት» አለ። ድስቱ ተከፈተ፤ እልልታው ከማዶ ተሰማ። ትርሲት ወጣች፣ ትርሲት ተዳረች።

አቶ ደምሰውም ሰው ነው፣ ርቦታል፤ ወደ ማዕዱ ጠጋ አለ። እማማ ዘርፌ በምርኩዛቸው መንገዱን ዘጉበት።

«አንተስ የኔ ጌታ?»

መላው ድንኳን ዞሮ እጁን አየ። አቶ ደምሰው በነጩ ኮቴ ላይ ተመልሶ ሄደ፣ መስታወቱን አይቶ ፈገግ አለ፣ ታጠበ።

በሽታው ወንዙን አልተሻገረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ልቅሶም ይሁን ሠርግ፣ ባለቤቲቱ ቀድማ ሳሙና ሳትቀምስ የሚከፈት ድስት የለም። የማዶ ሰዎችም ሊያዩ መጡ፣ አይተው ልማዱን ወሰዱት።

እኔ ጨረስኩ። ምሳም ደርሷል፣ ቧንቧውም ያውላችሁ። ይቅደሙ እንዳትሉኝ፤ ቀድሜያለሁ።