የሸዋንግዛው ግድግዳ

በእኛ ሰፈር የዕድር ሰው በተመረጠ ቁጥር ከአንዱ ጥግ የምትወረወር አባባል አለች። የሰማት ሁሉ ይስቃል። እንግዳ ሰው ብቻ «ምን ያስቃል?» ይላል። አይፈረድበትም፤ አባባሏ ከጭቃ ግድግዳ ላይ ወድቃ የተገኘች መሆኗን በምን ይወቅ?

እማማ ስንዱ የዕድሩን ሸክላ ሳህኖች፣ ያው ሐዘን ሲደርስ ሰፈሩ የሚበላባቸውን፣ በሣጥን አድርገው እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቁ ኖሩ። ጉልበታቸው ሲደክም «እንግዲህ ተረካቢ ፈልጉ» አሉ። ሸዋንግዛው ቀድሞ እጁን አወጣ።

«የኔ ቤት እያለ!»

እውነትም ቤቱን ገና አስለስኖ፣ ሰማያዊ ቀለም አስቀብቶ ነበር። የጭቃ ቤት መሆኑን የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። ሣጥኑ ተላከለት፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ ሽማግሎች አያያዙን አይተው ሊያጸድቁለት ተቀጠረ።

ሣጥን ምን ያሳያል ብሎ፣ ባለመዝጊያ የዋንዛ መደርደሪያ አሠራ። ክብደቱ የበሬ ነው። ሊሰቅለው ሲል ሚስቱ ዘርትሁን ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች።

«እዚህ ጋ ድምፁ ባዶ ነው፤ ጭቃና ጭድ ብቻ። ቋሚ እንጨቶቹ ወደ መስኮቱ ናቸው፤ ሚስማሩን እዚያ ምታው።»

«መስኮት ሥር ማን ያየዋል? ከበር ሲገባ ፊት ለፊት ነው እንጂ!»

«ሚስማሩ ምን ሊይዝ?»

«አንቺ ደግሞ! ይህን የመሰለ ልስን እያየሽ?»

መታው። ሚስማሩ ሳይለመን ገባ። እሱም የክንዱ ብርታት መሰለው። «በይ ሳህኖቹን ደርድሪ» ብሏት ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ሽማግሎቹ ከእማማ ስንዱ ጋር መጡ፤ ከበር ሲገቡ መደርደሪያውን አይተው አደነቁ። ሸዋንግዛው ከጎኑ ቆሞ ምስጋናውን ሲቀበል፣ ትከሻው ላይ አፈር ጠብ አለበት። ቀና ቢል ሚስማሩ ብቅ ብሏል። ቀስ ብሎ ዞረና ለመደርደሪያው ጀርባውን ሰጠ፤ በሁለት እጁ ከኋላ ደግፎ ያዘው።

«ተቀመጥ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አሉት እማማ ስንዱ።

«ኧረ እማማ! እናንተ ባላችሁበት?»

«ምን ያለ ሥርዓት ያለው ሰው ነው!» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ምሳ ቀረበ፤ ሸዋንግዛው «በልቻለሁ» አለ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ዘርትሁን ጉርሻ ይዛ መጣችና አጎረሰችው፤ ጠጋ ብላም «ልስኑ እንዴት ነው?» አለችው በሹክሹክታ። አፉ እንደ ሞላ በዓይኑ ገላመጣት።

በመጨረሻ እማማ ስንዱ «እንግዲህ መርቀን እንሂድ» ሲሉ ሁሉም ተነሥቶ መዳፉን ዘረጋ። ከአንድ ሰው በቀር።

«ሸዋንግዛው! ምርቃት በጀርባ አይቀበሉትም። እጅህን ዘርጋ!»

ምርቃት እምቢ የሚል ሰው አይደለም። ዓይኑን ጨፍኖ በልቡ «ጌታዬ፣ አንተ ያዝልኝ» አለና ዘረጋ። ጌታ ግን ቋሚውን አስቀድሞ ሰጥቶት ነበርና ዝም አለ።

«አሜን» ሲባል መደርደሪያው ልስኑን ይዞ ወረደ። እማማ ስንዱ ራሳቸውን ያዙ።

«ወይኔ ሳህኖቼ! ሐዘንተኛው በምን ይበላ!»

አቧራው ሲገለጥ ግን ወለሉን የሞላው ድስት ነው። አንድ ክዳን እየተሽከረከረ እስከ በሩ ሄዶ ተኛ።

«ሳህኖቹ ከሣጥናቸው አልወጡም እማማ፤ አልጋ ሥር ናቸው» አለች ዘርትሁን። «መጀመሪያ በራሳችን ድስት ልፈትነው ብዬ ነው።»

ሸዋንግዛው አፈር እንደ ለበሰ «ታውቂ ኖሯል? ያን ሁሉ ስሸከም?» አላት።

«ሥርዓት ያለው ሲሉህ ደስ ብሎኝ ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እማማ ስንዱ ግን ወደ ተቦደሰው ግድግዳ ሄደው ጭዱን ዳሰሱ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ በምርኩዛቸው መታ መታ አደረጉ፤ ቋ፣ ቋ አለ። ተመልሰው የያዙት የሸዋንግዛውን እጅ ሳይሆን የዘርትሁንን ነው።

«ሳህኖቼን የምትረከቢኝ አንቺ ነሽ» አሏት። ወደ ሽማግሎቹም ዞር ብለው እንዲህ አሉ፦ «ልስን ያማልላል፤ ቋሚ ይሸከማል።»