ያለ ፊርማ በር የለ

ጆሮ ያለው ቁጭ ብሎ ይስማኝ፤ ይቺን ተረት ቆመው ቢሰሟት እግር ታደክማለች።

አንዷለም የሚባል ልጅ ነበረ። አራት ዓመት ሙሉ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ተመርቆ ሲያበቃ አንዲት ትንሽ ነገር አማረችው፤ ሻንጣውን ይዞ ከግቢው መውጣት፣ የዘጠኝ ሰዓቱን አውቶቡስ መሳፈር፣ እናቱ ቤት ገብቶ መተኛት። ሌላ ምንም አላማረው። ግን ዶርሙ ዛሬ ይዘጋል፣ ቀጣዩ አውቶቡስ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፣ እናቱ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ ለነገ ጠርታለች።

ሻንጣውን እየጎተተ በሩ ላይ ደረሰ። ጥበቃው ጋሽ ድንቁ ዱላቸውን አጋደሙበት።

«ፕሮክተሯ ያልፈረሙበት ሻንጣ ከዚህ አይወጣም።»

«ጋሼ፣ ውስጡ ያለው እኮ ያልታጠበ ልብስ ነው።»

«ያልታጠበም ይፈረምበታል።»

ያለ ፊርማ በር የለ፣ አንዷለምም ቤቱ አይገባ።

ሻንጣውን እዚያው ጥሎ፣ የመውጫ ወረቀቱን ይዞ፣ ዶርሙን ወደሚጠብቁት ወደ ፕሮክተሯ ወደ እትዬ የሺመቤት ሄደ።

«የልብስ ሎከሩን ቁልፍስ አስረከብክ ልጄ?»

«ኡመር ጋ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ፊርማውም ኡመር ጋ ነው» አሉና እስክሪብቷቸውን ከደኑ።

ያለ ቁልፍ ፊርማ የለ፣ ያለ ፊርማ በር የለ፣ አንዷለምም ቤቱ አይገባ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ወጣ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ለሁለት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። የዶርም ጓደኛው ኡመር አልጋው ላይ በካልሲ ተጋድሞ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

«ጫማዬን ኦላና ለፎቶ ብሎ ወስዶ ቀረ። በካልሲ አገሬ ልገባ ነው? ጫማዬን አምጣና ቁልፍህን ውሰድ።»

«አንተ ራስህ አትሄድም?»

«በየትኛው ጫማ?»

ያለ ጫማ ቁልፍ የለ፣ ያለ ቁልፍ ፊርማ የለ፣ ያለ ፊርማ በር የለ፣ አንዷለምም ቤቱ አይገባ።

ሌላውን የዶርም ጓደኛውን፣ ኦላናን፣ ኳስ ሜዳው ጥግ አገኘው። በሰው ጫማ ተንቀባሮ ቆሟል፤ ግን ሸሚዝ ብቻ ነው የለበሰው።

«ኮቴን ሳይመልሱልኝ የሰው ጫማ የምመልስ ቂል ነኝ? ኮቴን አምጣልኝ፣ አሁኑኑ አወልቅልሃለሁ።»

«ማን ጋ ነው?»

«ሚልክያስ ጋ።»

አንዷለምና ሚልክያስ ድሮ የአንድ ዶርም ጓደኛሞች ነበሩ፤ አሁን ግን ሁለት ዓመት ተነጋግረው አያውቁም። ጥፋቱ የራሱ የአንዷለም ነበር። በፈተና ዋዜማ ሚልክያስ «ላይብረሪ ቦታ ያዝልኝ» ቢለው አንዷለም ደብተሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ያዘለት። ኋላ አንዲት የምታምር ልጅ መጥታ «ሰው አለው?» ስትለው፣ «የለውም» ብሎ ደብተሩን አነሳ። ሚልክያስ መጥቶ አያቸው። ተመልሶ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሞ አጠና። በሳምንቱም ዶርም ቀየረ።

ያለ ኮት ጫማ የለ፣ ያለ ጫማ ቁልፍ የለ፣ ያለ ቁልፍ ፊርማ የለ፣ ያለ ፊርማ በር የለ። እየመረረውም ቢሆን ሄደ።

ሚልክያስ ኮቱን ደርቦ ልብስ ማጠቢያው ጋ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየው።

«ኮቱን እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ላይብረሪ ቦታ ያዝልኝ።»

«ላይብረሪው እኮ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ሄዷል።»

«ያዝልኝ አልኩህ።»

ያለ ወንበር ኮት የለ፣ ያለ ኮት ጫማ የለ፣ ያለ ጫማ ቁልፍ የለ፣ ያለ ቁልፍ ፊርማ የለ፣ ያለ ፊርማ በር የለ፣ አንዷለምም ቤቱ አይገባ።

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። ላይብረሪ ገባ። ሦስት መቶ ወንበር፣ አንድም ሰው የለ። ደብተሮቹ ሻንጣ ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ያልተፈረመውን ወረቀት ወንበሩ ላይ አኖረና አጠገቡ ተቀመጠ። ዓይኑ እየተከደነ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ጠበቀ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ሚልክያስ የለም። የጽዳቷ ሴትዮ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ እየሰቀሉ መጡና ያንን ወንበር ያዙ።

«ሰው አለው ልጄ?»

አንዷለም ወረቀቱ ላይ እጁን ጫነ። «አለው እናቴ።»

«ማን አለውና? ግቢው እኮ ባዶ ነው።»

«ጓደኛዬ አለ። ይመጣል።»

ሚልክያስ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቀስ ብሎ ገባ፣ ወረቀቱን አንስቶ ተቀመጠ።

«በድዬሃለሁ» አለ አንዷለም። «ይቅርታ ለመጠየቅ አፍሬ ነው እስከ ዛሬ የሸሸሁህ።»

«አውቃለሁ። እኔንም ኩርፊያው አድክሞኛል» አለና ኮቱን አወለቀ። «ተነስ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ።»

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ወንበሩ ቢያዝ ኮቱ ወለቀ፣ ኮቱ ቢመጣ ጫማው ወለቀ፣ ጫማው ቢመጣ ቁልፉ ተሰጠ፣ ቁልፉ ቢመጣ ወረቀቱ ተፈረመ፣ ወረቀቱ ቢታይ በሩ ተከፈተ።

ሚልክያስ በሩ ድረስ ሸኘው፣ ሻንጣውንም አነሳለት። ከዚያ ማለፍ አልቻለም፤ የራሱ ወረቀት ገና አልተፈረመም። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ይነፋል። ለመውጣት ሲሯሯጥ የዋለው አንዷለም አሁን እግሩ አልሄድ አለው።

«ሂድ እንጂ!» አሉ ጋሽ ድንቁ። «ጠዋት ስትነዘንዘኝ አልነበር?»

«እሺ ጋሼ።» ወደ ሚልክያስ ዞረ። «ቁጥርህን... እኔ እንኳ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ያንተ እኔ ጋ አለ» አለው ሚልክያስ። «እኔ እደውላለሁ።»

አንዷለም አገሩ ገባ። ተረቴም ደክሟታል፤ እኔም ልረፍ፣ እናንተም እረፉ።