ያልታየው ግጥሚያ ደረጃ

በዚያ ጫካ ሥርዓት አለ፤ የለም የሚል ውሸቱን ነው። በበጋ ሁሉም ደርቆ አንድ ኩሬ ብቻ ይተርፋል፤ ከኩሬው ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚወሰነውም በደረጃ ነው። መንጋዎቹ ሜዳ ላይ ቅል እየገፉ ግራር ሥር ለማስገባት ይጋጠማሉ። ደረጃ የሚያወጡት ሦስቱ ዳኞች ጅብ፣ ቀበሮና ጃርት ግን ዋርካ ሥር ተኝተው ይውሉና ሲመሽ ይፈርዳሉ። ሁልጊዜ ጎሾች አንደኛ፣ ከርከሮዎች መጨረሻ ናቸው። መጨረሻ የወጣ ጭቃ ይልሳል።

ዘንድሮ ከርከሮዎች ጎሾችን አሸነፉ። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየ! ጎሾቹ ቀንዳቸው ቅሉን እየሳተ ሲተራመሱ፣ ከርከሮዎቹ በአፍንጫቸው እየገፉ ወስደው ግራሩ ሥር አስገቡት። ደጋፊው ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። የከርከሮዎቹ አለቃ እመት ከርከሮ ግን ለመጮህም አቅም አልነበራትም። ጡቷ ደርቆ ግልገሎቿ ሊያልቁባት ነው፤ የምታስበው ዛሬ ስለምትጠጣው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነበር።

ሲመሽ ደረጃ ተነገረ። ጎሾች አንደኛ፣ ከርከሮዎች መጨረሻ።

እመት ከርከሮ እየሮጠች ወደ ንጉሡ አንበሳ ጉባኤ ገባች። "ጃንሆይ፣ አሸንፈናል እኮ!"

ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ። "ማንን ነው ያሸነፋችሁት?"

"ጎሾችን ነዋ!"

"በከርከሮ የተሸነፈ ጎሽ ደካማ ጎሽ ነው። ደካማን ማሸነፍ ደግሞ ደረጃ አያስጨምርም።"

"ደካማ ከሆኑ ታዲያ እንዴት አንደኛ ወጡ?"

"ጎሾች ናቸዋ!" አለ ጅብ፣ በጥያቄው ተገርሞ።

ይህን ሰምቶ አንጀቱ የማያርር ካለ እሱ ራሱ ጎሽ መሆን አለበት። "እንግዲያው እንደገና እንጋጠም" አለች እመት ከርከሮ። የጎሾቹ አለቃ አፍንጫውን ነፋ። "አንደኛ የወጣ ከመጨረሻ ጋር አይጋጠምም። ክብር አለን።"

አንበሳ ወደ ዳኞቹ ዞረ። "ለመሆኑ ግጥሚያውን ማን አየ?"

ጅብ ከቀበሮ እንደሰማ ተናገረ። ቀበሮ ደግሞ ጃርት ነግራኝ ነው ብሎ ማለ። ጃርት እሾኋን አራግፋ፣ "ኧረ እኔስ የሰማሁት ከአያ ጅቦ ነው" አለች። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። እመት ከርከሮ እፎይ አለች፤ ተፈረደልን ብላ ነበር።

አንበሳ አልሳቀም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ዳኞቹ ሳያዩ ከፈረዱ ደረጃው ውሸት ነው ማለታችሁ ነው?"

"አዎ!" አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ።

"እኔንስ የአውሬ ሁሉ አንደኛ ብለው ያነገሡኝ እነማን ናቸው?"

ከኋላ አንዱ ሳል ቢይዘው ዋጠው።

"እስቲ ስጋጠም ያየኝ እጁን ያውጣ" አለ አንበሳ፣ ቀስ ብሎ። እጁን ያወጣ አልነበረም። እመት ከርከሮ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ የንጉሡ መዳፍ ላይ ሲያርፍ መልሳ ዘጋችው።

"ደረጃው ጸንቷል" አለ አንበሳ።

ሁሉም በየተራው ወደ ኩሬው ወረደ። ጎሾቹ እስከ ሆዳቸው ገብተው ጠጡ፣ ተንቦጫረቁ፣ ወጡ። ሌላው ሁሉ ተከተለ። መጨረሻ ላይ እመት ከርከሮ ግልገሎቿን ይዛ ወረደችና ከጭቃው ጠብታ ለማውጣት በአፍንጫዋ መጫር ጀመረች።

ጅብ ጠጥቶ ጠግቦ ዳር ላይ ቆሟል። "ኧረ ቀስ በሉ እናንተ!" ብሎ ጮኸ። "ውሃውን አደፈረሳችሁት እኮ!"