በስልኳ ውስጥ የገቡት እንግዶች

አንዲት እናት ነበረች፤ ሻሸመኔ የምትኖር። ልጇ እጅጋየሁ ሐዋሳ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። «ምጡ ሲጀምረኝ እደውልልሻለሁ። እጄን የምትይዢኝ አንቺ ነሽ» ብላታለች።

አማቿም ለዚሁ ብሎ አዲስ ስልክ አመጣላት። ገና በየሱቁ ያልተዳረሰ፣ ሰው በወሬ ብቻ የሚያውቀው ስልክ! ስልኩ ቶሎ ለገበያ ይውጣ ተብሎ ነው መሰል፣ ውስጡ ባዶ ነበር። የቀረውን ሌሎች ከሠሯቸው መተግበሪያዎች እየጫኑ መሙላት ነው።

ጎረቤቷ ዘነበች ይህን ሰምታ ዝም ትላለች?

«አንቺ! እንዲህ ያለ ስልክ ባዶውን ይቀመጣል? አምጪው!»

የእጅ ባትሪ ጫነችላት። የአየር ጠባይ ጫነችላት። ፍራፍሬ የሚያፈነዳ ጨዋታም ጫነችላት።

«ጨዋታው ደግሞ ለምኔ ነው?»

«ለምጡ ጭንቀት።»

«የምታምጠው ልጄ ናት እንጂ እኔ ነኝ?»

«ፊትሽን ያየ ሰው አንቺ ነሽ ይላል!»

ታዲያ እያንዳንዱ መተግበሪያ ሲከፈት ይጠይቃል። ስልክ ቁጥሮችሽን ልይ? ድምፅሽን ልስማ? ያለሽበትን ልወቅ? እናታችን ደግሞ ጨዋ ናት። ደጅ ቆሞ ፈቃድ የጠየቀን ማን ይመልሳል? «ግባ፣ የኔ ልጅ» እያለች ሁሉንም ፈቀደች። የእጅ ባትሪ የሰው ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? አልጠየቀችም። ነውር ነዋ!

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኗ መጋቢ ታረቀኝ ቤቷ መጡ።

«እናታችን፣ ‹ይምጡ፣ አብረን ፍራፍሬ እናፈንዳ› የሚል መልእክት ልከውልኛል። የጸሎት ርዕስ መስሎኝ ደጋግሜ አነበብኩት።»

ለካ ጨዋታው ለምታውቀው ሰው ሁሉ ግብዣ በትኗል! በእፍረት መሬት ስትገባ፣ አማቿ እያለከለከ ከተፍ አለ።

«እማዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንደውልልዎት ነበር!»

ስልኩን ብታነሳው ጠፍቷል። ያን ሁሉ እንግዳ ሲያስተናግድ ባትሪው አልቋል።

«እጅጋየሁስ?»

«በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ልወስድዎት ነው የመጣሁት።»

«ተመስገን!» አለችና ቁጭ አለች። «እጇን ማን ያዘላት?»

አማቿ አቀረቀረ። «አዋላጇ ነበረች። እጅጋየሁ ግን እርስዎን ነበር የምትጠራው።»

እናንተ ዛሬ በዚህ ጉባኤ የተሰበሰባችሁ እናቶች፣ እስቲ ልባችሁን እዩት። ሐሜት «ልግባ?» አለ፤ ግባ አላችሁት። ቂም «ልደር?» አለ፤ አነጠፋችሁለት። ስጋትማ ሳይጠይቅ ነው የገባው፤ የኔም ቤት አለ። ክፉዎች ሆነን ነው? አይደለም። እምቢ ማለት አፍረን ነው። ታዲያ ጌታ ሲጠራን በየትኛው ጉልበታችን እንሰማዋለን? ልጆቻችን «እማዬ» ሲሉ ምን ባትሪ ተርፎን ነው የምናነሳው?

ዛሬ ቤት ስትገቡ አንዱን «ውጣ» በሉት። ጨዋነታችሁ አይጎድልም።

አሁን የሚጮኸው የማን ስልክ ነው? ምን ያሳፍርሻል፣ እህቴ? ውጪና አንሺው። ልጅሽ ትሆናለች።